የወዲያኛው ቀበሌ ሰዓሊ

የጋሽ ኪሮስን ማረፍ የነገረኝ የድሮ ተማሪዬ ነው። ከሰቆጣ ደውሎ የጤናዬንና የልጆቼን ነገር አንድ በአንድ ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቲቸር፣ ጋሽ ኪሮስ እኮ አረፉ» አለኝ። «ነፍስ ይማር» ማለት ሲገባኝ ከአፌ ቀድሞ የወጣው «ሳይጨምሩልኝ?» የሚል ነበር። ልጁ «ምኑን ቲቸር?» ብሎ ጠየቀ። «ሁለተኛውን ዓይኔን» ለማለት አፈርኩና፣ መስመር እንደተቋረጠበት ሰው «ሃሎ? ሃሎ?» እያልኩ ዘጋሁት። ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለቱም ዓይኖቼ፣ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ናቸው። የጎደለኝ ዓይን ወረቀት ላይ ነው። ጋሽ ኪሮስ በትምህርት ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተከታታይ ይለጥፉት በነበረው የሥዕል ታሪክ ውስጥ አንድ ዓይና ሰይጣን አለ፤ ያ ሰይጣን እኔ ነኝ። ይህን መቀበል ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ሰቆጣ የተመደብኩት ጦርነቱ ባለቀ በዓመቱ ነው። ከወልዲያ በአይሱዙ ጋቢና ተጨናንቄ ስደርስ አዲስ ዲፕሎማ፣ አንድ ጥቁር የእጅ ቦርሳና ሹል ጫማ ነበረኝ። ጫማው የሰቆጣን ድንጋይ የቻለው አንድ ወር ነው፤ ትዕቢቴ ግን ከጫማው ይጠነክር ነበር። የአማርኛ መምህር ሆኜ ሳለሁ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪነትን ደረቡልኝ። ተጠሪ ማለት ድምፅ ማጉያው ሲበላሽ የሚወቀስ ሰው ማለት እንደሆነ ኋላ ነው የገባኝ። ያን ጊዜ ግን ሹመት መስሎኝ ለእናቴ ደብዳቤ ጻፍኩ።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ማባዣ ክፍል ሄድኩ። ፈተና የሚባዛበት አሮጌ ማሽን አጠገብ እጃቸው እስከ ክንዳቸው በቀለም የጠቆረ፣ ጆሯቸው ላይ ብሩሽ የሰኩ አንድ ጎልማሳ ሰው ቆመዋል። ዘበኛ መሰሉኝና «አባት፣ ኃላፊውን ጥራልኝ» አልኳቸው። በትሕትና እሺ አሉ፤ በር ድረስ ሄደው ወደ ውጭ አዩ፤ ተመለሱና «ኃላፊው ትንሽ ይጠብቁ ብለዋል» አሉኝ። ከዚያ አሮጌ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እሺ፣ አሁን ገብተዋል። ምን ልታዘዝ?» አሉኝ። ልጨብጣቸው እጄን ስዘረጋ «ቀለም ነው፣ ክርኔን ያዝ» አሉ። እኔም እንደ ሞኝ ክርናቸውን ይዤ ለረዥም ጊዜ ቆምኩ።

እኚህ ሰው ጋሽ ኪሮስ ናቸው፤ የደሃና ተወላጅ፣ የቤተ ክህነት ልጅ። ሥዕል የተማሩት ከአባታቸው ሲሆን፣ በዋግ ተራራ ላይ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ስንቱን እንደሳሉ ራሳቸውም አያስታውሱም ነበር። ጉልበታቸውን መሰላል መውጣት ሲያስቸግረው ትምህርት ቤቱ ማሽኑን እንዲይዙለት ቀጠራቸው። ክረምት ሲወጣ ግን አንዳንዴ ከፃግብጂ ወይም ከሰሃላ አብያተ ክርስቲያናት አህያ ይላክላቸውና ቀለማቸውን ጭነው ይጠፋሉ። ፈተናው ለምን እንደዘገየ ሲጠየቁ «አይዞህ፣ የሞተ የለም» ይላሉ፤ ቆም ብለውም «ቢሞትም አይቸኩልም» ብለው ይጨምራሉ።

ተከታታዩ «ወዲያኛው ቀበሌ» ይባላል። አርብ አርብ በእረፍት ሰዓት ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ስድስት ሳጥን ያሰምራሉ፤ በየሳጥኑ ሰዎቹ ይሳላሉ፤ ንግግራቸው ከአፋቸው በደመና ውስጥ ይወጣል። እንዲህ ያለ ነገር ከየት እንደተማሩ ብጠይቃቸው «ከግድግዳ» አሉኝ። «የቅዱሱ ገድል በሳጥን በሳጥን አይደል እንዴ የሚሳለው? እኔ ሳቁን ነው የጨመርኩበት።»

ታሪኩ አያ ደምሴ ስለሚባል ሟች ገበሬ ነው። አያ ደምሴ ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ ወደ ወዲያኛው ዓለም ሲደርስ በሩ ላይ ቢሮ ያገኛል። መላእክቱ ከበሩ ወዲያ ስለሆኑ አይታዩም፤ ቢሮውን የያዙት መናፍስት ናቸው። «ከታች ፍታት የተፈታልህ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጣ» ይሉታል። አያ ደምሴ ደብዳቤ የለውም፤ መሞቱን ቤተሰቡ አልሰማም። ስለዚህ በር ላይ ይቆማል። በየሳምንቱ ይቆማል። በዙሪያው የማይሆን ነገር የለም፤ ሰው ሁሉ ክሊኒክ መሄድ ጀምሮ ሥራ ያጣ ዛር ለአያ ደምሴ ችግሩን ያዋየዋል። ጥርሱን የታመመ ጭራቅ ገንፎ ይለምናል። አንድ ጊዜ የሰይጣኖች ግምገማ ተደርጎ አንዱ ተነሥቶ «ባለፈው ሩብ ዓመት በማሳት ሥራ ላይ ቸልተኝነት አሳይቻለሁ፤ ራሴን አርማለሁ» ያለ ዕለት መምህራኑ እየሳቅን ዙሪያችንን አየን። ሁላችንም ያን ሳምንት ከግምገማ ነበር የወጣነው።

አሁን ወደ ዓይኔ ልምጣ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ፊት ለፊት ይሳላል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉ ሰውና ሰይጣን ግን በጎን ነው የሚሳሉት፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ጋሽ ኪሮስ ይህን ሕግ ለቀልድም ቢሆን አልጣሱትም፤ በር ላይ ያሉት መናፍስት ሁሉ አንድ ዓይና ናቸው። እኔ በመጣሁ በሁለተኛው ወር አዲስ ጸሐፊ ሰይጣን ቢሮው ውስጥ ተመደበ። ጥቁር ቦርሳ ይዟል፣ ሹል ጫማ አድርጓል፤ ማመልከቻ ሲሰጡት አንድ ዓይኑ ላይ ለጥፎ ያይና «ይታያል» ይላል። ነገ ሲመጡም «ይታያል» ነው። ከተማሪዎቹ ጋር ሆኜ በደንብ ሳቅሁ። «ይሄ እንዴት ያለ ደረቅ ሰይጣን ነው!» እያልኩ ለሦስት ሳምንት ሳቅሁ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ተማሪ የቤት ሥራውን ሲሰጠኝ «ይታያል» አልኩት፣ ክፍሉ በሙሉ ፈነዳ። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ያልገባኝ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቱግ ብዬ ማባዣ ክፍል ሄድኩ። «ጋሽ ኪሮስ፣ እኔ ክፉ ሰው ነኝ?» አልኳቸው። ብሩሻቸውን ከጆሯቸው አውርደው ተመለከቱኝ። «ማን እንዲህ አለህ?»

«አንድ ዓይን ነው ያረጉልኝ!»

«ሁለተኛው በዚያ በኩል አለ» አሉ በእርጋታ። «ዞር ስትል እስለዋለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ኪሮስ ካሉበት በጎን አላለፍኩም። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ፊቴን ሙሉ በሙሉ አዙሬ፣ እንደ ፎቶ ተነሺ ቀጥ ብዬ ነበር ሰላም የምላቸው። አንድ ጊዜ እንዲያ ስራመድ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ሌላ ጊዜ አንድ ጣሳ ነጭ ማር ወሰድኩላቸው። ማሩን አመስግነው በሉ። አርብ ሰሌዳው ጋ ስሄድ ጸሐፊው ሰይጣን ያው በጎኑ ቆሟል፤ አገጩ ላይ ማር ይንጠባጠባል።

ክፋቴን የምናዘዘው እዚህ ላይ ነው። በዓመቱ በወላጅ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ይህ ሥዕል በእምነት ላይ ማላገጥ ነው፣ ለታዳጊዎች አይበጅም አልኩ። የኮሚቴው አባል የሆኑት ቄስ ግራ ገብቷቸው «የቱ? ያ ጥርሱን የታመመው ጭራቅ ያለበት?» ብለው ጠየቁና ትዝ ብሏቸው መሳቅ ጀመሩ። ርእሰ መምህሩ ግን ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። ነገሩ ተጣርቶ እስኪታወቅ ይቁም አሉ፤ አጣሪ አድርገው የመደቡትም እኔን ነው። የተለጠፉትን ወረቀቶች ሰብስቤ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩ። ጋሽ ኪሮስ መጥተው «እንዴት ሆነ?» ሲሉኝ «ይታያል» አልኳቸው። የዚያን ጊዜ እንኳ ጆሮዬ ምን እንዳልኩ አልነገረኝም። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው ወጡ፤ በማግስቱ ከሰሃላ ቤተ ክርስቲያን አህያ መጣላቸውና ቀለማቸውን ጭነው ሄዱ።

ሥዕሉ በቆመ በመጀመሪያው አርብ ሰሌዳው ላይ የሒሳብ ፈተና ውጤት ተለጠፈ። በእረፍት ሰዓት እማማ ታደለች መጡ። እማማ ታደለች በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሎ የሚሸጡ ናቸው። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ወደ ግንባር ሄደና ጦርነቱ ሲያልቅ አልተመለሰም። ደብዳቤም አልመጣም፣ መርዶም አልመጣም። አርብ አርብ ቆሏቸውን ሸፍነው ሰሌዳው ጋ ይቆማሉ፤ ማንበብ ስለማይችሉ አንዱ ተማሪ የተጻፈውን በአካባቢው ቋንቋ በኽምጥኛ ይነግራቸዋል። እኔ ቀልዱ አምሯቸው ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን የሒሳብ ውጤቱን ከላይ እስከ ታች አይተው ወደኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ያ ሰውዬ ገባ?»

«የቱ ሰውዬ እማማ?»

«በር ላይ የቆመው። ደብዳቤ የለህም ያሉት።»

አፌን ስከፍት «ይታያል» የሚለው ቃል በራሱ ጊዜ ወጣ። እማማ ታደለች አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ ቆሏቸው ተመለሱ። እኔ ሰሌዳው ሥር እንደቆምኩ ቀረሁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ወይም የገባኝ የመሰለኝ። ልጃቸው ፍታት የለውም። ይህ ሰውዬ ያለ ደብዳቤ ከገባ፣ ልጃቸውም ይገባል ብለው እየጠበቁ ነው ብዬ አሰብኩ። እኔ ደግሞ በአንድ ዓይን ተቀይሜ በሩን ዘግቼባቸዋለሁ። ከተወለድኩ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ጋሽ ኪሮስ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍል ራሴ ልሥራው ብዬ ተነሣሁ። አጣሪው እኔ፣ ተጠሪው እኔ፣ ሰዓሊውም እኔ! ሦስት ቀን ሙሉ ከሥራ በኋላ ማባዣ ክፍል ተቀምጬ ተጠበብኩ። አያ ደምሴ የተሞላ ስልቻ መሰለ። ዱላው ከእጁ ሳይሆን ከብብቱ በቀለ። በጎን መሳልማ ጭራሽ የማይሞከር ሆነብኝ፤ አፍንጫው ወይ ዶማ ይሆናል ወይ ይጠፋል። ስለዚህ ሁሉንም ሰው፣ ሰይጣኖቹን ጭምር፣ ፊት ለፊት አድርጌ ሁለት ሁለት ዓይን ሰጠኋቸው። በመጨረሻው ሳጥን ጸሐፊው ቦርሳውን መሬት ጥሎ በሩን ይከፍታል። በደመናው ውስጥ «ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ግባ» ብዬ ጻፍኩ። አየሁትና በኩራት እንባዬ መጣ።

አርብ በእረፍት ሰዓት ለጠፍኩት። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እንደ ጋሽ ኪሮስ ቀልድ ሳይሆን በአሳሳሌ ነው የሳቁት። እማማ ታደለች በመሐላቸው ገብተው ቆሙ። አንዱ ልጅ በኽምጥኛ ነገራቸው።

«ገባ?» አሉ ወደኔ ዞረው በአማርኛ።

«ገባ እማማ።»

«ያለ ደብዳቤ?»

«ያለ ደብዳቤ።»

«ኪሮስ ነው ያስገባው?»

የኔ እጅ ነው ብል ደስታቸው የሚቀንስ መሰለኝ። «አዎ፣ ጋሽ ኪሮስ ናቸው» አልኩ። እማማ ታደለች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቆሏቸውን ከነጨርቁ እዚያው በር ላይ ትተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ሄዱ። የሄዱት እግዜርን ለማመስገን ነው ብዬ መምህራን ማረፊያ ገብቼ ሻይ አዘዝኩ። ከሰዓት በኋላ ከቤታቸው የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። ጠላ ጠማቂ ጎረቤታቸውም፣ ቄሱም፣ ግማሹ ትምህርት ቤትም ወደዚያ ሄደ፤ እኔም ሄድኩ፤ ለምን እንደሚለቀስ ግን ገና አልገባኝም ነበር። «መርዶ መጣላቸው እኮ» አለኝ አንዱ መምህር። «ማን አመጣው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ጋሽ ኪሮስ የተመለሱት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሰሌዳው ላይ ፀሐይ ያደበዘዘውን ወረቀቴን ቆመው ሲያዩ ደረስኩባቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ማባዣ ክፍል ወሰዱኝና በርጩማውን ሰጡኝ።

«ልጁ ሞቷል» አሉ። «አብሮት የነበረ ወታደር ጎኔ ነው የወደቀው ብሎ ነግሮኝ ወደ ሁመራ ሄደ። ሽማግሌ ይዘህ ንገራቸው ብሎ አደራ ሰጠኝ። ሁለት ዓመት ሆነው።»

የሰጡኝ በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አንድ ማለዳ ሽማግሌ ሰብስቤ ደጃቸው ድረስ ሄጃለሁ። ቆሎ እየቆሉ፣ ልጄ ሲመጣ የሚወደው ሽምብራውን ነው አሉን። ተመለስን። ከዚያ ያን ሰውዬ በር ላይ አቆምኩት። እሱ እስካልገባ ድረስ እኔም አልተናገርኩም ማለት ነው ብዬ። ዛሩንም ጭራቁንም ያመጣሁት ጊዜ እንዲያራዝሙልኝ ነው። ሰበቡ ሲያልቅብኝ አንተ መጣህ።» ትንሽ ሳቁ። «እንዳንተ በር የሚዘጋ ሰው አይቼ አላውቅም። ዓመት ሙሉ የያዝክልኝ አንተ ነህ። እንዴት ዞር ላድርግህ?»

አንገቴን ደፋሁ።

«መርዶ እኮ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ በማለዳ ነው የሚነገር» አሉ። «አንተ በእረፍት ሰዓት ለጠፍከው።»

መርዶው በተሰማ በአርባኛው ቀን ተዝካር ተደረገ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ ጋሽ ኪሮስ ግን ክንዴን ይዘው ወሰዱኝ። እሳቸውም ብቻቸውን መግባት እንደፈሩ ያወቅሁት ደጁ ላይ እኔን ወደ ፊት ሲያስቀድሙኝ ነው። ዳሱ ጥግ ላይ ተቀመጥን፤ ጠላ ተቀዳልን። ሰው ትንሽ ሲቀል እማማ ታደለች ጥቁር ለብሰው መጡና ከፊታችን ተቀመጡ።

«ኪሮስ» አሉ።

«አቤት እማማ።»

«አርብ አርብ የምመጣው ገባ ወይ ብዬ አልነበረም። አለመግባቱን አይቼ ልመለስ ነበር።»

ጋሽ ኪሮስ ቀና አላሉም።

«ቆሎ ስትገዛኝ ፊቴን አታይም። ሁለት ዓመት ሙሉ አላየኸኝም። ይሄ ያልገባኝ ይመስልሃል? አንተ አታስገባውም፣ እኔም አስገባው አልልህም። እንዲሁ በር ላይ አቁመነው ሁለታችንም እናረጅ ነበር።» በአገጫቸው ወደኔ አመለከቱ። «ሥዕሉን ሳየው የአንተ እጅ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ያንተ ሰው ያን ያህል አያስቀይምም። ግን ደከመኝ ኪሮስ። ይሄ ምንም የማያውቅ ልጅ ገላገለን።»

በሕይወቴ ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው። ጋሽ ኪሮስ ዋንጫቸውን መሬት አስቀምጠው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እንደ ልጅ ሆነው ሁለት ዓመት ያላለቀሱትን አለቀሱ። እማማ ታደለችም ጎንበስ ብለው የጋሽ ኪሮስን ራስ እየዳበሱ «በቃ፣ በቃ ልጄ» ይሏቸው ነበር።